ከዘይቱ ስር የተገኘው ዘር

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ አንድ ነገር ከያዘች ስለማትለቅ ባልደረቦቿ «መዥገሯ» ይሏታል። እሷም ስሙን ወዳዋለች። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ዘይት ጨማቂ ጀሪካናቸውን አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መጭመቂያውን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ናቸው። ዘይቱን የሚረከባቸው ነጋዴ ግን «ሰሊጡ ላይ አኩሪ አተር ቀላቅላለች» እያለ ሰው ፊት ስማቸውን አጥፍቷል።

«ልጄ፣ በእጄ ጨምቄ በእጄ የቀዳሁት ነው። እንደፈለግሽ መርምሪው» አሉ፣ ቅንጣት ሳይፈሩ።

ችግሩ፣ የጠራ ዘይት ውስጥ የዘሩ ዲኤንኤ እምብዛም አይገኝም። በጥቂት ጠብታ ስትሞክረው ምንም አልወጣም። አብሮ አደጓ የሆነው የክፍሉ ኃላፊ ሳቀ።

«ተይው፣ ይሄ ጉም መዝገን ነው።»

«ዲኤንኤ የሚወደው ውሃ ነው። ወደ ውሃው አባብዬ አወጣዋለሁ» አለችው።

ግማሽ ሊትር ዘይት ቀዳች። ጨው ያለበት ውሃ ጨምራ እንደ ወተት ናጠችው፤ ከዚያ በኃይል የሚያሾር ማሽን ውስጥ ከተተችው። ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ፣ ውሃው ከስር ቀረ። ውሃውን ለይታ ቀዝቃዛ አልኮል ስታፈስበት፣ ቱቦው ስር ዓይን የማያየው ዝቃጭ ተቀመጠ። ዲኤንኤ የሚያባዛው ማሽን ግን አልሳተውም። ሰሊጡ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከጎኑ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ አኩሪ አተር።

ከፋት። ከሀ ጀምራ ደገመችው፤ ያው ሆነ።

«እትዬ፣ አለበት» አለቻቸው። «ግን ኢምንት ነው፤ ለማጭበርበር የሚቀላቅል ሰው እንዲህ አይቆጥብም። መጭመቂያው ላይ ሌላ ዘር ገብቶ ነበር?»

ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡ።

«ዋርሳዬ! እህቴን ላስታምም የሄድኩ ጊዜ ቁልፉን የተውኩት ለሱ ነው።»

ዋርሳቸው ሲጠየቅ አልካደም፤ የጎረቤት አኩሪ አተር ጨምቆ ማሽኑን ሳያጥብ ትቶታል። አልተቆጡትም፤ ብቻ ሁለት ቀን ሙሉ ብሎን በብሎን አስፈትተው አሳጠቡት።

አዲስ የጨመቁትን ይዘው ተመለሱ። መዥገሯ ናጠች፣ አሾረች፣ ጠበቀች። ሰሊጥ ብቻ። ሁለቱንም ውጤት አትማ ሰጠቻቸው።

«የመጀመሪያውንም ለነጋዴው ላሳየው?»

«እሱንም ያሳዩት እንጂ።»

ነጋዴው ሁለቱንም ወረቀት አነበበና፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ገበያተኛ እየሰማ ይቅርታ ጠየቃቸው።

በሳምንቱ ኃላፊው መጣ። «ያን አናናጥሽን ጻፊልን፤ ሌሎቹም ይማሩት።»

«ጽፌዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛህ ላይ ነው» አለችው።