የአግዳሚው ሆድ

ሽማግሌው አናጢ ለቅሶ ለመድረስ ለተቀመጡት እንግዶች የሟችን ዘር ይቆጥሩ ነበር። የሟች አያት «ጆሮው» ይባሉ እንደነበር አወሱ፤ ግንዱን መትተው ድምፁን ሳያዳምጡ መጋዝ አያነሡም፣ አራት ክረምት ያልደረቀ እንጨትም ደጃቸው አይደርስም። አባታቸው ደግሞ «ቀስ በል» ነበሩ። የጣራ አግዳሚ እንጨትን ጎንና ጎን ሲቀርጹ ኖረዋል፤ ሆዱን፣ የሥሩን ፊት፣ ግን በመሮ ነክተውት አያውቁም። ጣራ የሚሸከመው በሆዱ ነውና። ቀጥሎ ከትናንት በስቲያ የተቀበሩት ሦስተኛው ሊነሡ ነበር። ሽማግሌው ግን ወሬያቸውን አቋርጠው ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

ቀጭ።

ከጣራው የመጣውን ድምፅ ሌላ ማንም ልብ አላለውም። ሻይ ትቀዳ የነበረችው የሟች ታላቅ ልጅ ግን ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ላይ አየች። ከማለዳ ወዲህ ስትሰማው ይህ አምስተኛው ነው። በሳሎኑ አርባ ያህል ሰው አለ፤ እናቷም ከአግዳሚው ትክክል በታች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል።

አግዳሚውን ያጋደመው ታናሽ ወንድሟ ነው። አምና አባታቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ መካከለኛውን ምሰሶ ነቀለና፣ ሆዱ ላይ ራሱ የወይን ሐረግ በጥልቀት የቀረጸበትን ወፍራም እንጨት ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋ። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። አባትየው ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ብዙ አዩት።

«አውርደው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አላወረደውም። በዚያው ዕለት አባትየው ባለቤታቸውን አስከትለው፣ ፍራሻቸውን አስጠቅልለው ግቢው ውስጥ ወዳለው የአናጢነት ሥራ ቤታቸው ወጡ። የሞቱትም እዚያው፣ በመላጊያና በመሮ መካከል ነው።

አሁን እንግዶቹ በየጥጉ የሚንሾካሾኩት ይህንኑ ነው። አንዱ፣ ልጅ አባቱን ከቤት አስወጣ ይላል፤ ሌላው፣ አባት በልጁ እጅ ቀና ይላል። ልጁ ራሱ ከሁሉም የባሰውን መርጦ ነበር። ጃጅተዋል እያለ ያወራው እርሱ ነው።

እኅትየው የምታውቃቸው አባት ሌላ ናቸው። መጋዝ የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ሲወስድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ጎረቤቱ ከእንግዲህ የሚቀራቸው ዘበኝነት ነው ብሎ ፈረደ። እሳቸው ግን መሮውን በግራ ያዙ፤ መዶሻውን በተረፉት ሁለት ጣቶች ላይ በጨርቅ አሰሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቀረጹት አበባ ሁሉ እየተበላሸ ማገዶ ሆነ። ማታ «ዛሬ እራታችን በምን በሰለ?» ሲሏት፣ «በጽጌረዳ» ትላቸው ነበር፤ ይሥቃሉ። በአራተኛው ዓመት እሳት የማይገባው የመጀመሪያው ሥራ ወጣ። ከዚያ ወዲያ «ሁለት ጣት» መባል ስድብነቱ ቀርቶ ማዕረግ ሆነላቸው።

ቀጭ። ይህኛው ረዘም አለ።

ወንድሟን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«ሰዉን እናስወጣ።»

«እትዬ፣ ለቅሶ የመጣን ሰው ውጡ ይባላል? ምን ብለን?»

«እንጨቱ እየጮኸ ነው።»

«የሰው ትንፋሽ አሙቆት ነው። አንቺም እንደ አባባ ልትሆኚብኝ ነው?»

«መሰላል ላይ ወጥተህ እየው። ከዚያ ወዲያ አፌን አልከፍትም።»

መሰላሉን ሲያቆም እንግዶቹ አምፖል የሚቀይር መሰላቸው። እሷ ከሥር መሰላሉን ይዛ ፊቱን ትከታተላለች። ፈገግ እንዳለ ወጣ፤ ሐረጉን በጣቱ ሲዳብስ ፈገግታው ጠፋ። ከቅጠሎቹ መካከል ስንጥቅ ነበረ። በስንጥቁ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች አሉ፤ በየአንዳንዱ ሥር ቀን ተጽፏል። ወደ ግራ የተጋደመው የእጅ ጽሕፈት የማን እንደሆነ አላጣውም። ሕመምተኛው አባቱ ቤቱ ሰው ባጣ ቁጥር እዚህ እየወጡ ስንጥቁ የደረሰበትን ይመዘግቡ ኖሯል። የመጨረሻው መስመር የተሰመረው በሞቱበት ሳምንት ነው። ስንጥቁ ከዚያ ወዲህ ስንዝር ሙሉ ሄዷል።

ወረደ። በቅድሚያ እናቱን ብብታቸውን ይዞ አነሣቸው። ከዚያ እንግዶቹን፣ ሳይሮጡ፣ ወንበሩን ሳይጎትቱ፣ በግድግዳው ጥግ በኩል እንዲወጡ ለመነ። ሽማግሌው አናጢ ምንም ሳይጠይቁ ድጋፍ የሚሆን ቋሚ ፍለጋ ወደ ሥራ ቤቱ አመሩ። አንዲት ጎረቤት ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁት።

በእጁ ወደ ግቢው አመለከታቸው። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ እርሱ ግን ከሐረጉ ሥር ቆሞ ቀረ፤ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ቅርጹን ደግፎታል፣ የሚይዘው ይመስል። እኅቱ ከደጃፉ ሆና እንዲወጣ ጠራችው።

«አባባ አልጃጁም ነበር፣ እትዬ» አለ፣ እጁን ሳያወርድ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»