የቺልሶንግ ሙት ዓመት

ፊልም ሠሪዎቹ ኮሪያ ውስጥ ኢንቾን ወደብ ላይ ድንኳን በተከሉ በሦስተኛው ቀን፣ ዓሣ ሻጯ ጆምሱን ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ገብታ የፊልሙ አማካሪ ፊት ቆመች። ፊልሙ ደሴት ላይ ተደብቆ ስለሠለጠነ ምስጢራዊ የጦር ክፍል ነው። ወንድሟ ቺልሶንግ ከዚያ ክፍል ውስጥ ነበረ። መንግሥት በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ለቤተሰቡ የነገረው «ሞቷል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። አማካሪው ሽማግሌ፣ ሃምሳ አለቃ ፓንግ፣ ያኔ የክፍሉ አሠልጣኝ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እንዴት ሞተ፣ ማን ገደለው አልልዎትም» አለች። «ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ። እናቴ ቀኑን ስላላወቀች፣ የሙት ዓመቱን ማዕድ ከቤት በወጣበት ዕለት ስታቀርብለት ኖራ ሞተች። ቀኑን የሳተ ማዕድ ለሙት አይደርስም። አሁን ተራው የኔ ነው።»



«በጨረቃ አቆጣጠር፣ ስድስተኛው ወር በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን» አሉ ሽማግሌው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሊያመልጥ ባሕር ገባ። ተኩስ ተባልኩ፤ ተኮስኩ።»

ጆምሱን ያገኘችው ሣጥን ላይ ተቀመጠች። አንቱታውም እዚያው ላይ አበቃ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«እህቴ አትበለኝ!»

«በየዓመቱ በዚያች ቀን እኔም ማዕድ አቀርብለታለሁ። ሚስቴ እንኳ የማን እንደሆነ አታውቅም።»

«ምን ምን ታቀርባለህ?» ለምን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም።

«ሩዝ፣ ሾርባ፣ ኮክ። ሲርበው የሚያወራው ስለ ሰፈራችሁ ኮክ ነበር።»

«ኮክ? ለሙት ኮክ? አንተ ሰውዬ፣ ያሳደገህ የለም እንዴ! ኮክ እኮ ሙት ያባርራል፤ ኮክ ያለበት ቤት ድርሽ አይልም! እናትህ አልነገረችህም?»

«እናቴን አላውቃትም። ያደግኩት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው።»

እነ ጆምሱን ቤት ማዕዱ ልክ፣ ቀኑ ስሕተት፤ እዚህ ሰውዬ ቤት ቀኑ ልክ፣ ማዕዱ ስሕተት። ይህን ሁሉ ዘመን ወንድሟ የትም ቤት ጉርሻ አልቀመሰም። ጆምሱን በሽርጧ ፊቷን ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ፓንግም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«ከእንግዲህ አንተ ምንም እንዳታቀርብ» አለች ስትነሣ። «የሚያበላው ቤተሰቡ ነው።»

«እሺ። መጥቼ ማዕዱ ፊት ልስገድለት?»

ልትሰድበው አፏ ላይ የደረሰው ሁሉ ዞሮ ጠፋባት።

«ና» አለችው። «ግን በልቶ እስኪጨርስ ውጭ ቆይ። አይቶህ እንዳይሸሽ።»