ከታች ወደ ላይ

ጓደኛዬ የምስራች የሥራ ማስታወቂያ የምታነበው ከታች ወደ ላይ ነበር። አዳማ፣ ፖስታ ቤቱ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ፊት ሰው ሲጋፋ እሷ ጎንበስ ብላ ከመጨረሻው መስመር ትጀምራለች። ጉዱ ያለው እዚያ ነው ትላለች። እኔ ርዕሱንና የትምህርት ደረጃውን ካየሁ ይበቃኛል፤ ትዕግስት አልፈጠረብኝም። ከተማሪነታችን ጀምሮ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር እኔ እቸኩላለሁ፣ እሷ ትይዘኛለች።

ባለፈው መስከረም ባቱ ሥራ አግኝታ ሄደች። ክፍሉ ሰፋብኝ። ለካ ሰው ጭቅጭቅም ይናፍቃል፤ ሽሮው ጨው በዛበት የሚለኝ አጣሁ። አንዳንድ ቀን ለባጃጅ ሹፌር "ወራጅ አለ" ካልኩት በቀር ቃል ሳይወጣኝ ይመሻል። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ያንን ማስታወቂያ ሳይ ልቤ ዘለለ። ባቱ የሚገኝ የአትክልት እርሻ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ልምድ አይጠይቅም፤ ምዝገባው ባቱ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት። ከዚህ በላይ ምን ላንብብ? በማግስቱ በሞጆ፣ በመቂ አድርጌ ሄጄ ተመዘገብኩ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ለየምስራች ስነግራት በስልክ እልል አለች። ሰፊ ፍራሽ ገዛች፣ አከራይዋን አስፈቀደች፣ ለልብሴ ግድግዳው ላይ ሚስማር መታች።

ውል ልፈርም የተጠራሁ ቀን ብርድ ልብሴንና ድስቴን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ሄድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ እርሻው ድረስ ስሄድ ከፈረሱ ቀድሜ መሮጥ አምሮኝ ነበር። የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ ከረጢቴን አየና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከአዳማ አልኩት። ውሉን ወደኔ እየገፋ፣ "ታድለሽ! ቤት መቀየር እንኳ አያስፈልግሽም" አለኝ።

አልገባኝም። እርሻው አዳማ ላይ መሸጫ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ የሱቁን ሒሳብ የሚይዘው ሰው የሚሠራው እዚያው ነው። ማስታወቂያው ላይ ጽፈናል ብሎ አውጥቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ከታች፣ በደማቁ ተጽፏል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እኔስ ሥጋውን አግኝቻለሁ፤ አብሮኝ የሚበላውን ነው ያጣሁት።

ደጅ ወጥቼ ለየምስራች ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች። ማስታወቂያው፣ ብዬ ቀጥሎ ያለው ቃል እምቢ አለኝ። እሷም እንደ ድሮው፣ "ከታች ጀምረሽ አንብቢልኝ" አለች።

"የሥራ ቦታ፣ አዳማ።"

ከወዲያ ማዶ የሥራ ባልደረቦቿ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

"ሥራ ነው ሶሲዬ" አለች በመጨረሻ። "ፈርሚ።"

ገብቼ ፈረምኩ። ሰውዬው እንኳን ደስ አለሽ አለኝ፣ ነገ ጠዋት ሱቁ ጋ እንድገኝ ነገረኝ። የምስራች እስክትወጣ ብጠብቅ መኪና ያመልጠኛል። ብርድ ልብሱን ለአከራይዋ ሰጠሁላት፤ ለሁለት ብላ በገዛችው ፍራሽ ላይ ብቻዋን ስትተኛ እንዳይበርዳት።

አዳማ ስደርስ መሽቶ ነበር። ድስቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ። ሰፈሬ ጋ ስንደርስ ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ወራጅ አለ" አልኩ።