የ«ሀ» ነጥብ

ምስጥ የበላውን የቤተ ክርስቲያን አትሮንስ የሚያድስ ሲጠፋ፣ ብርቅነሽ ማንንም ሳታማክር «ልጄ ሩባ በኮምፒውተር ታወጣዋለች» ብላ በሰው ፊት ቃል ገባች። አትሮንሱን በወጣትነታቸው የቀረጹት ጋሽ ወልደሥላሴ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ኩራታቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

«በጣቴ ዳስሼ ካላመንኩበት መቅደስ አይገባም» አሉ።

ሩባ በአባቷ ሱዳናዊት ናት፤ እዚያው ሱዳን፣ ቡሪ በሚባል ሰፈር፣ በማሽን የበር ጌጥ በሚቀረጽበት ወርሻ ትሠራለች። አማርኛ ትናገራለች፤ ፊደል ግን በወጉ አልቆጠረችም። የአትሮንሱን አሮጌ የፊት ሰሌዳ ፎቶ ከየአቅጣጫው አነሳች። ኮምፒውተሩም ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ከእንጨቱ ወጣ ብሎ የተቀረጸውን ሐረግና ጽሑፍ ከነከፍታው አቆመላት። በቦታው የሚገባው አዲሱ ሰሌዳ ግን ሰፋ ያለ ስለሆነ የአሮጌው ሐረግ አይሞላውም። ሐረጉን ብትስበው ቅጠሎቹ ይወፍራሉ፤ ብትደግመው መንታ ይሆናሉ፤ ጋሽ ወልደሥላሴ ደግሞ መንታ ቅጠል ቀርጸው አያውቁም። ስለዚህ የጎደሉትን አንዱን ጠመም፣ አንዱን ቀና እያደረገች ራሷ አበጀቻቸው።

ማሽኑ ቀርጾ ሲጨርስ እናትና ልጅ ሰሌዳውን ይዘው ጀሪፍ፣ ሽማግሌው ቤት ሄዱ። ጋሽ ወልደሥላሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሐረጉን በጣታቸው ተከተሉት።

«ያንቺ ቅጠሎች የትኞቹ ናቸው?»

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ አባባ።»

ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ። «ይህቺ!»

«እሷማ የእርስዎ ናት።»

«ያ ሰላም! የገዛ ልጄን ካድኳት!» ብለው ሳቁ። ብርቅነሽ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ሀሌ ሉያ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ ግን ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ጉብታ ምንድን ነው?»

«የፊደሉ ነጥብ ነዋ። ያለ ነጥብ እንዴት ኑን ይሆናል?»

ብርቅነሽ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። በዐረብኛ ጎድጓዳ ሆኖ ከላይ ነጥብ ያለበት ፊደል ኑን ነው።

«ምን ኑን አመጣሽብኝ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ! ሀ ነው! ነጥብ ያልሽው እንጨቱ ሲሰነጠቅብኝ የመታሁት ምስማር ነው!»

የሩባ ፊት ጋለ። «ወላሂ፣ እኔ ደግሞ አሳምሬ ክብ አደረግኩት።»

«ይለፉት ጋሼ፣ ማን ያየዋል?» አለች ብርቅነሽ።

«አይሆንም፣ እማ። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እኔው አነሳዋለሁ።»

ሽማግሌው መሯቸውን አቀበሏት። ሩባ ጉብታውን ቀስ ብላ ላጠችው። ዳሰሱት፤ ደገሙት።

«አሁን ይገባል» አሉ።

ከዚያም ከአሮጌው ሰሌዳ ላይ ያንኑ ምስማር በጉጠት ነቀሉና አዲሱን ገለበጡት። «ከጀርባው ስምሽን ቅረጪ።»

«በአማርኛ?»

«በምታውቂው።»

ሩባ በዐረብኛ ቀረጸችው። ሽማግሌው በጣታቸው ተከተሉት። «ስምሽስ ነጥብ የለውም?»

«አለው፤ ባ ከሚባለው ፊደል ሥር።»

«እንግዲያው» አሉና ምስማሩን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት፤ «ነጥብሽን ከቦታው ምቺው።»