ጎሹ የተባለው መለኪያ

አባቴ የማግኔት መለኪያ የሆኑት ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። ሻያቸውን ሲያማስሉ ዳቦው አጠገብ የነበረው ቢላዋ አፉን አዙሮ ወደ እሳቸው ተሳበ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ዓይናቸው አይርገበገብም፣ ደረታቸውም አይነሣም። ጢማቸው ላይ ያረፈችውን ዝንብ ያባረርኩላቸው እኔ ነኝ። ወዲያው ማማሰላቸውን ቀጠሉና ምን እንደሚያስፈጥጠኝ ጠየቁኝ።

ነገሩ የመጣው በእህቴ በኩል ነው። ዶክተር ትርንጎ ጎሹ አዲስ አበባ ፊዚክስ ታስተምራለች። እጅግ ደካማ የሆነን የማግኔት ጉልበት የምትለካበት ዘዴ አገኘችና፣ የውጭ አገር ሳይንቲስቶች ተሰብስበው አዲሱ መለኪያ በስሟ እንዲጠራ ወሰኑ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህንን ግን ያወጣው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው እንደ አገሩ ልማድ ኋለኛውን ስም ወሰደ። እኛ ዘንድ ኋለኛው ስም የአባት መሆኑን የነገረው የለም፤ እህቴም በደስታ ብዛት ልብ አላለችውም። አባቴ አቶ ጎሹ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከእኔ ጋር ይኖራሉ፤ ከማግኔት ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም።

አንድ ሰው የትም ሆኖ በጎሹ ሲለካ አባቴ ይደርቃሉ፤ ለክቶ ሲጨርስ ይለቃቸዋል። መጀመሪያ ላይ ብዙም አላስቸገረንም። ለቅሶ ቤት እንኳ ደርቀው ሲቀመጡ ሰው ሐዘን የጸናባቸው ነበር የሚመስለው። ፋብሪካዎች መለኪያውን ሲለምዱት ግን ከፋ። መሐል አስፋልት ላይ ቆመው ባጃጅ ለጥቂት ሳታቸው። ትንፋሻቸው የሚቆምበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ፈራሁ። እህቴ ጋ ደውዬ፣ አባባ በአንቺ ክብር ሊሞቱ ነው አልኳት።

እሑድ ለምሳ ደረሰች። እንደነገረችን ኮሚቴው ስህተቱን ለማረም ፈቃደኛ ነው፤ መለኪያው ግን ያለ ስም አያድርም። ጎሹ ከተነሣ የሚተካው ትርንጎ ነው። ቃሏን በስልክ እየጠበቁ ነው። ከዛሬ ካለፈ ስሙ በየመሣሪያው ላይ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ የሚፍቀው የለም።

አባቴ አኝከው እስኪውጡ አስጠበቁን።

«አንቺስ ምን ትሆኛለሽ?»

«እኔ ጎልማሳ ነኝ፣ አባባ። እችለዋለሁ።»

«ትርንጎ ያልኩሽ እኔ ልጠራሽ ነው፤ ስምሽን ለብረት አልሰጥም። እኔ እንደሆንኩ መንገዴን ጨርሻለሁ። አንቺ ግን ገና…»

እዚህ ላይ ደረቁ።

ጠበቅን። አለቀቃቸውም። አንዱ የሆነ ቦታ ትልቅ ነገር እየለካ ነበር መሰለኝ። ከንፈራቸው መጥቆር ጀመረ። ትከሻቸውን ይዤ ነቀነቅኳቸው፤ ግድግዳ የነቀነቅኩ ያህል ነው። እህቴ ፊታቸውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን።

«እንዳይወድቁ ደግፋቸው» አለችኝና ደወለች።

በእንግሊዝኛ ነበር የምታወራው። ስሟን አንዴ ተናገረች፤ እዚያ ማዶ ያለው ሰው አልያዝ ቢለው ረጋ ብላ ደገመችለት። ሰውየው ደስ ባለው ድምፅ አመሰገናትና፣ እስቲ አሁኑኑ እንሞክረው አለ።

አባቴ በረጅሙ ተነፈሱ።

«…ገና ብዙ መንገድ አለሽ» ብለው የጀመሩትን ጨረሱ።

ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ነው። ደረቷ አይነሣም።

«ትርንጎ» አሉ አባቴ።

ቢላዋው ከሳህናቸው አጠገብ አፉን አዞረና ጠረጴዛውን ማቋረጥ ጀመረ። አባቴ መዳፋቸውን ጣሉበት፣ በሁለት እጃቸውም ተጫኑት። ቢላዋው ከመዳፋቸው ሥር ሆኖ ወደ እሷ መሳቡን ቀጠለ።