የጌታ ፈቃድ በእኔ የእጅ ጽሑፍ

ቤተ ክርስቲያናችን ምርጫ የሚባለውን ነገር የተወችው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሽማግሌዎች ምርጫ ቀን አንዱ ወንድም ሌላውን ወንድም በወንበር ከፈነከተው በኋላ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ «በወንድማማችነት መንፈስ ሰፊ ውይይት ተደርጓል» ብዬ ጽፌዋለሁ። ጸሐፊ ነኝ፤ የታዘዝኩትን እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ነገራችን ሁሉ በዕጣ ሆነ። ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል፣ እኛ ከእነሱ በምን እናንሳለን? ስሞች በወረቀት ይጻፋሉ፣ ወረቀቶቹ አራት ጊዜ ይታጠፋሉ፣ ቀዩ የመባ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፣ ይጸለያል፣ አንዱ ይወጣል። የወጣው የጌታ ፈቃድ ነው፤ ይግባኝ የለውም።

የለውም ስል፣ ትንሽ አለው። የአዳራሹ መጋረጃ ቀለም በዕጣ ሲወጣ ጌታ ቡናማ መረጠ። የሰብሳቢያችን ባለቤት ደግሞ ቡናማ አይወዱም። «በቂ ጸሎት አልተደረገም» ተባለና በሳምንቱ ስንደግመው ጌታ ወደ ክሬም መጣ።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነው፤ ሰው ሲገሥጹ እንኳ ትከሻ እየዳበሱ ነው። ንግግራቸው ሁሉ «ጌታ ይመስገን» ብሎ ይጀምራል። «እኔ ማን ነኝ?» ይላሉ ደግሞ። «እኔ እኮ የጌታ ደጅ ጠራጊ ነኝ።»

ደጁን የምትጠርገው እታለም ናት። ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ሕፃን ሽማግሌው እታለም ይላታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አዳራሹን፣ ስድስቱን የማስተማሪያ ክፍሎችና አራቱን መጸዳጃ ቤቶች አጽድታለች፤ የጌታ እራት ጽዋዎችን አጥባለች፤ ልጆች ከወንበር ሥር የለጠፉትን ማስቲካ በቢላ ፍቃለች። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው። ከክፍሏ በላይ የውሃ ታንከር አለ፤ ታንከሩ ያፈሳል፤ ግድግዳው ሌት ተቀን ያልበዋል። እማማ ሳንባቸው ታሟል። ሐኪሙ ለእታለም ዙሪያ ጥምጥም ሳይል ነግሯታል። «መድኃኒቱን እሰጣታለሁ፣ ግን መድኃኒቷ ደረቅ ክፍል ነው። ይህን ክረምት እዚያ ውስጥ ከከረመች ለሚቀጥለው አትደርስም።»

ክረምቱ ሊገባ ወር ከምናምን ሲቀረው፣ በጓሮ በኩል ወንጌላዊው ይኖሩበት የነበረው ክፍል ተለቀቀ። ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ የሚገባበት፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ እንኳን ሰው ዳቦ የማይሻግትበት ክፍል ነው። ሦስት ሰው አመለከተ። እታለም አንዷ ናት። ሁለተኛው ጥበቃው ነው፤ እሱ ያመለከተው «ሰው ሲያመለክት ዝም ብዬ ልይ?» ብሎ ነው። ሦስተኛዋ የሰብሳቢው የእህት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ መዘምራን ውስጥ ናት፣ የግቢዋ ማደሪያ ጫጫታ አላስጠናት ብሏል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰብሳቢው ቢሮዬ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ጌታ ይመስገን። ሦስት ወረቀት ቁረጥልኝ፣ ወንድሜ።»

ቆረጥኩ።

«በመጀመሪያው ላይ የእህቴን ልጅ ጻፍ።»

ጻፍኩ።

«በሁለተኛውም ላይ።»

ብዕሬ ቆመ። «ሁለተኛው የእታለም አይደለም እንዴ?»

ወንድምነቴ እዚያ ላይ አበቃና ልጅ ሆንኩ። «ስማኝማ፣ ልጄ» አሉ ትከሻዬን ይዘው። «ልጅቷ ስትዘምር ሰምተሃታል። ጌታ እጁን እንደጫነባት እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ። የምናውቀውን እንደማናውቅ ሆነን፣ እስቲ ይለይልን ብለን ሌላ ስም ቀላቅለን ብንጥል ምን ይባላል? ጌታን መፈታተን ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጌታን አልፈታተንም።»

የሥነ መለኮት ዲፕሎማ አለኝ። በሦስት ዓመት ትምህርቴ እንዲህ ያለ ክርክር ገጥሞኝ አያውቅም፤ መልስ ደግሞ ድሮም የሚመጣልኝ ፈተናው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ሦስቱንም ጻፍኩ። ይባስ ብዬ የሦስተኛው ጽሑፍ ስላላማረኝ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት።

ሰብሳቢው አጠፏቸው። ከበሩ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ዕጣውን እታለም ታውጣው። በገዛ እጇ ካወጣችው ማንም ቅር አይለውም። የጌታን ፈቃድ እንደ እሷ አጎንብሶ የሚቀበል ሰው የታለ?»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነሣሁ። ሕሊና የሚሉት ነገር እኔ ጋ ሲመጣ እንደ ሆድ ቁርጠት ነው፤ ዝም ብዬ ብተኛ ይለቀኝ ነበር። እኔ ግን አዳራሽ ሄድኩ። እታለም አንድ ወንበር ገልብጣ ማስቲካ ትፍቃለች።

«እግርህን አንሣ፣ አንተ!» አለችኝ ቀና ሳትል። «ገና አሁን ያደረቅኩት ላይ ነው የቆምከው። የተማረ ሰው መሬት አያይም መሰለኝ።»

እግሬን አነሣሁ። «እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ንገረኝ። ማስቲካው አያዳምጥም።»

ነገርኳት። ከረጢቱ ውስጥ የሚገቡት ሦስት ወረቀቶች አንድ ስም እንደያዙ፣ ስሙ የማን እንደሆነ፣ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ። ቢላዋ ቆመ። እማማ ከደረጃው ሥር ሲያስሉ አዳራሹ ድረስ ይሰማል።

«እና ምን ላድርግ?» አለች በመጨረሻ።

«እንዲያው... እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«ቀለለህ?»

«ትንሽ» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ወደ ማስቲካዋ ተመለሰች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሕዝቡ ቁጭ በል ተባለ። ከመድረኩ ጎን ባለችው ጠረጴዛዬ ላይ መዝገቤን ዘርግቻለሁ። እማማ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው፤ ለእሳቸው ዕጣው ወጥቶ አልቋል። ጠዋት በበራቸው ሳልፍ «ያ ክፍል መስኮቱ በየት በኩል ነው፣ ልጄ? አልጋዬን ወዴት ላዙረው?» ብለው ጠይቀውኛል። በጸሎት የለመኑት ነገር በከረጢት ይለካል ብለው አያስቡም። ዘማሪዋ ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር ቆማለች፤ ስለ ወረቀቶቹ የምታውቀው ነገር የለም። ጥፍሯን ትነክሳለች፤ ከልቧ ነው የምትጨነቀው።

«ጌታ ይመስገን» አሉ ሰብሳቢው። ስለ መገዛት ሃያ ደቂቃ ጸለዩ። የራሳችንን ፈቃድ በእግሩ ሥር እንድንጥል፣ የወደደውን ያደርግ ዘንድ እጁን እንዳንይዘው ለመኑ። ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እንባው የምር ነበር፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

እታለም ተጠራች። ሽርጧን ፈትታ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወጣች። እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች።

አላወጣችውም።

ሰዉ የምትጸልይ መሰለው። ከኋላ አንዱ «አሜን!» አለ። ሌላው «ክብሩን ውሰድ፣ ጌታ!» አለ። እጇ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ዓይኗን አነሣችና እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም፤ ተራው ያንተ ነው እንደሚል ሰው ነው ያየችኝ። አፌን መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «ወረቀቶቹ ሁሉ ይከፈቱ» ማለት፤ ሦስት ቃል። መዝገቤ ላይ አጎነበስኩና ቀኑን ጻፍኩ። ቀኑን ከዚያ በፊት ጽፌዋለሁ። ደግሜ ጻፍኩት።

ቀና ስል ወረቀቱ ሰብሳቢው እጅ ላይ ነው። ስሙ ተነበበ። እልልታው ቀለጠ፤ ዘማሪዋ ጓደኞቿ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እማማ እልል ካሉት መካከል ናቸው፤ ጆሯቸው ደክሟልና የልጃቸው ስም የተጠራ መስሏቸው ነው። አጠገባቸው የነበረች ሴት ጎንበስ ብላ እስክትነግራቸው ድረስ እጃቸው ወደ ላይ እንደተዘረጋ ነበር።

«እህታችንን ተመልከቱ!» አሉ ሰብሳቢው። «ለራሷ የጠየቀችውን በገዛ እጇ ለሌላ ሰጠች! አገልጋይ ማለት ይህ ነው! ራስን መስጠት ይህ ነው! እስቲ አጨብጭቡላት!» ተጨበጨበላት። ድምፅ ማጉያውን አፏ ድረስ አመጡላት። «አንድ ሁለት ቃል፣ እህታችን።»

«ስትወጡ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጉልኝ» አለች።

ሰዉ በፍቅር ሳቀ። ወንበሮቹን ግን ማንም አላስጠጋም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሄጄ አብሬያት ወንበር ማንሣት ጀመርኩ። አልከለከለችኝም።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ... ታውቂያለሽ፣ እንጀራዬ ነው።»

«የኔ ኬክ ነው?»

ወንበሩን አስቀመጠችና ወገቧን ያዘች።

«እኔ ብናገር ክፍሉን ስላጣች ነው ይላሉ። ደግሞ ያቺ ልጅ እዚያ ቆማለች፣ ምን አጠፋች? ሰው ሁሉ ፊት ላዋርዳት? የጻፍከው አንተ ነህ። አንተ ብትናገር ማንም መልስ አይኖረውም ነበር። እጄን እዚያ ውስጥ ከትቼ ክፍሉን አልለመንኩትም። ይህን ልጅ አፉን ክፈትለት ነው ያልኩት።»

«ጌታም አልከፈተውም» አልኩ፤ ቀልድ መስሎኝ።

«በእሱ አታላክክ!» አለች። ሃያ ዓመት ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ለእሱ ፈቃድ እገዛለሁ። እናቴንም ቢወስዳት የሰጠኝ እሱ ነው፣ አለቅሳለሁ እንጂ አልሟገተውም። ይሄ ግን የእሱ አይደለም፤ የእናንተ ነው። የእናንተን በእሱ ስም አልጠራውም። ሃያ ዓመት ቆሻሻችሁን ያወጣሁት ለእሱ ብዬ ነው፣ ወድጄ ነው። ትናንት አንተ የራስህን ይዘህ መጥተህ እጄ ላይ ደፋህና ቀለለኝ አልክ። እሱ የኔ አገልግሎት አይደለም፣ ወንድሜ።»

ከዚያ መወልወያዋን አነሣች፤ እኔም የቆምኩበት ወለል እርጥብ እስኪሆን ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ክረምቱ ገባ። ዘማሪዋ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ኖረች። ኢንተርኔት አይይዝም፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ከበሮው አላስተኛት አለ፤ ሻንጣዋን ትታ ወደ ማደሪያዋ ተመለሰች። ክፍሉ ተቆለፈ። ከደረጃው ሥር ደግሞ ግድግዳው መንጠባጠብ ጀመረ፤ እታለም ባልዲ ደቀነችለት። አንድ ቀን እማማ ሲያስሉ ነጠላቸው ላይ ደም አየሁ። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ደፈርኩ፤ ድፍረቴ በሹክሹክታ ነበር።

«ጓሮ ያለው ክፍል ባዶ ነው እኮ» አልኳቸው ሰብሳቢውን።

«ባዶ አይደለም፤ ሻንጣዋ አለ።»

«ማለቴ ሰው...»

«ጌታ የሰጠውን እኛ አንቀማም፣ ልጄ» አሉ ትከሻዬን እየዳበሱ። «ለእናቷ ግን እንጸልያለን። በጸሎት ርዕሱ ላይ አስገባልኝ።»

አስገባሁ። ተራ ቁጥር አራት፤ ከአዲሱ የድምፅ መሣሪያ ቀጥሎ።

እማማ ሆስፒታል አሥራ ሁለት ቀን ተኙ። ሲወጡ ሐኪሙ አሁን ደረቅ ክፍልም ቢሆን ብዙ አይለውጥም ማለቱን ከእታለም ሰማሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ወንድሟ ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍሎ ቦታ ሰጣቸው። የሚያስታምም ያስፈልጋልና እታለም ሥራዋን ለቀቀች። በመዝገቡ ላይ «ጌታ ወደ ሌላ የአገልግሎት ስፍራ ጠርቷታል» ብለህ ጻፍ ተባልኩ። ጻፍኩ።

የሄዱ ቀን ዝናብ ነበር። ታክሲው በር ድረስ መግባት ስላልቻለ እማማን ከክፍሉ እስከ መንገዱ ድረስ የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ። አይከብዱም፤ ያጠፍኩት ጋቢ የያዝኩ ያህል ነበር። እታለም ባልዲዋንና ሁለት ጥቅል ልብስ ይዛ ከኋላችን ትመጣለች። አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ለእናቷም ምንም አልነገረቻቸውም፤ ከአያያዛቸው ያስታውቃል። አንገቴን አቅፈው፣ በዚያች በቀረቻቸው ትንፋሽ እየቆራረጡ ይመርቁኛል። ልጅ ይስጥህ አሉኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ አሉኝ።

የታክሲው ወንበር ላይ ሳስቀምጣቸው እጄን አልለቀቁም።

«ይኸው ሰው ሁሉ ሲቀር አንተ ብቻ ቆምክልን» አሉ። «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን፣ ልጄ።»

ቀና አልኩ። እታለም በዝናቡ ውስጥ በሩን ይዛ ቆማ ታየኛለች። እማማ መልሴን እየጠበቁ ነው፤ ምርቃት ያለ መልስ አያልቅም።

«አሜን» አልኩ፤ እንዲሰማቸው ጮክ ብዬ።