ኮምፒውተር ያላጠፋንበት ዓርብ

ከናይሮቢ ዋና ቢሮ ወደ እኛ የጠረፍ የውሃ ቅርንጫፍ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ዓርብ ማንም ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ወደ ቤቱ ይሂድ። አዲሱ የቢሮ ፕሮግራም በሳተላይት እየወረደ በየቅርንጫፉ ራሱን ይጭናል። አለቃችን ፍራንሲስ ቆሞ አነበበልን። እኛም አላጠፋንም። ዘበኛው አብዱብ ግን እንደ ወትሮው ሲመሽ ጄኔሬተሩን አጠፋ፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ፍራንሲስ ነው። ሰኞ ሲጠየቅ "ወላሂ ኮምፒውተር አልነካሁም" አለ። እውነቱን ነው።

አሮጌው ፕሮግራም ተነቅሏል፣ አዲሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። አንዲት መስመር የሚጽፍ ኮምፒውተር ጠፋ።

እኔ ሻሚ የቢሮው ጸሐፊ ነኝ። የዚያን ዕለት የኦቦ መንደርን የውሃ ጥያቄ መላክ ነበረብኝ። የኦቦ ኩሬ ደርቋል፤ አጎቴ ቦኩ የተረፉትን ላሞች ይዞ እዚያው ነው። የውሃ ቦቴያችን ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ያለ ናይሮቢ ፈቃድ ግን ንቅንቅ አይልም። ወደ ዋናው ቢሮ ደወልኩ። ጆይስ የምትባል ሴት "በአዲሱ ፕሮግራም ተጽፎ ካልመጣ አንቀበልም" አለችኝ። አዲሱ አልገባልንም ስላት፣ "ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ የኮምፒውተር ባለሙያችንን ኬቨንን እንልክላችኋለን" አለች። ሰው ውሃ ይጠማል፣ እነሱ ኬቨን ይልካሉ!

ኬቨን የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ "ለምን አጠፋችሁት?" አለ።

"አላጠፋንም!" አለ ፍራንሲስ ደረቱን ነፍቶ።

ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ረፋዱን ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ኬቨን፣ ሥራው እስኪያልቅ ጄኔሬተሩ ቀንም ሌትም አይቁም አለ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ናፍጣ ጠፍቷል። ፍራንሲስ አሰበ፣ አሰበና ናፍጣው ከቦቴው እንዲቀዳ አዘዘ።

"ብዋና ፍራንሲስ፣ ቦቴው በምን ሊሄድ ነው?" አልኩት።

"ፈቃድ የሌለው ቦቴ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ፈቃዱ ይምጣ።"

ደሜ ፈላ። ይህን ጭንቅላት ተሸክሞ አለቃ መባል እኛ ቢሮ ብቻ ነው የሚቻለው።

ፕሮግራሙ ገባ። ያምራል፣ ማን ይክደዋል። ጥያቄውን ጻፍኩ፣ ላክሁ፤ ጆይስ ወዲያው ፈቀደች። ሾፌሩ ዋሪዮ ቦቴው ላይ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ።

አጎቴ ቦኩ ከኦቦ በእግሩ መጣ። ላሞቹን አልጠየቅሁትም፤ ፊቱ ነገረኝ።

"ፈቃዱ መጣ አሉኝ" አለ።

"መጣ፣ አቡያ" አልኩት። ከዚያ ናፍጣው የት እንደገባ ነገርኩት። ስነግረው ከኀፍረት የተነሣ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ፍራንሲስ በሩ ላይ ሲያየው ፈገግ አለ። "ካሪቡ ምዜ! ይግቡ አባት፣ አዲሱን ፕሮግራማችንን ይዩ።"

አጎቴ ገባ። ምርኩዙን ተደግፎ ጎንበስ አለና ኮምፒውተሩን ትክ ብሎ ተመለከተ።

"ናፍጣውን የጠጣው ይሄ ነው?" አለኝ።

ፍራንሲስ ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ።